ድንጋይን «ቤቶች» ይል የነበረ ሰው

መርዶውን ያመጣልኝ ሙሉጌታ ነው። ከሰሜን ካርቱም፣ ከባሕሪ ተነስቶ ድልድዩን በእግሩ ተሻገረ፣ የቀረውን በረክሻ፣ በባጃጅ፣ ተንጠላጥሎ ደቡብ ካርቱም፣ ካላክላ ድረስ መጣና በሬ ላይ ቆመ። ሙሉጌታ በያጅ ነው፤ ጋሽ አያሌው የመጨረሻ ዓመታቱን ባሳለፈበት ወርክሾፕ አብሮት የሠራ፣ አብሮት የኖረ። መርዶ በማለዳ ይነገራል፣ ሽማግሌ ይዞ ይኬዳል፣ ጎረቤት ቀድሞ ይሰበሰባል፤ የአገራችን ደንብ እንዲያ ነው። ሙሉጌታ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ብቻውን፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነው የመጣው። ጦርነቱ ደንቡንም አብሮ በልቶታል።

«ጋሽ አያሌው ነው?» አልኩት።

«ኻላስ፣ አበቃ፣ ሰብልዬ» አለኝ። «ሰባት ቀን ሆነው። ሆዱን ነው። ያ የተረገመ ውሃ ስንቱን ጨረሰው! ወደ መቃብር የሚያስኬድ መንገድ ስላልነበረ እዚያው ግቢ ውስጥ ቀበርነው።»

ወንበር ሰጠሁት፣ የሚጠጣ ውሃም ሰጠሁት። ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ አየና «ፈልቷል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ፈልቷል» አልኩት። ጠጣ። አላለቀስኩም። እውነቱን ለመናገር ማልቀስ የእኔ ድርሻ መሆኑን እርግጠኛ አልነበርኩም። ሙሉጌታ እሁድ እዚሁ ካላክላ ሐዘን እንደምንቀመጥ፣ የተረፉት አበሾች እንደሚመጡ ነግሮኝ ሄደ።

ስለ ጋሽ አያሌው የሚያወራ ሰው ሁሉ ከዚያ ከተበላሸው ጉድጓድ ነው የሚጀምረው። እኔ ግን ሰውየውን ነው የማውቀውና ከሰውየው ልጀምር።

ከጦርነቱ በፊት ካርቱም ሁለት የሚባለው ሰፈር ውስጥ ለነዳጅ ጉድጓዶች አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት ነበር፤ ስሙን አልጠራም። እኔ እዚያ ጸሐፊ ነበርኩ። ካርቱም ያደግሁ ስለሆንኩ ዐረብኛው አይቸግረኝም፣ እንግሊዝኛውን ተምሬዋለሁ፣ አማርኛዬን ደግሞ እናቴ በቁንጥጫ ጠብቃልኛለች። በረሃ ላይ የሚሠሩት ሰዎች ሪፖርታቸውን በሳተላይት ስልክ ይነግሩኛል፣ እኔ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። ጋሽ አያሌው የፓምፑ ኃላፊ ነበር። አጭር፣ ደንዳና፣ መላጣ። ቀኝ ጆሮው ከፓምፕ ጩኸት ብዛት ስለደነቆረ ሁልጊዜ ከሰው በስተቀኝ ነው የሚቀመጠው፤ ደህናውን ጆሮ ለሰው ሰጥቶ። ጋሼ እያልኩ አንተ እለዋለሁ። አንቱ ስለው «ገና ሳላረጅ አታስረጂኝ» ብሎ ከልክሎኛል።

ሥራው ድንጋይ መሰንጠቅ ነው። በዶማና በድማሚት አይደለም፣ በውሃ ነው። ነዳጁ ከመሬት በታች እጅግ ርቆ ጥቅጥቅ ባለ ድንጋይ ውስጥ ተይዞ ይኖራል፣ መውጫ የለውም። ጉድጓዱ ተቆፍሮ የብረት ቱቦ ይገባል፣ በቱቦውና በመሬቱ መካከል ሲሚንቶ ይሞላል፣ ከዚያ ቱቦው ታች ላይ ተበስቶ ውሃ በከባድ ግፊት ይገፋበታል። ድንጋዩ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ተመልሶ እንዳይገጥም አሸዋ ይከቱበታል፣ ነዳጁም በዚያ ይመጣል። እኔ ሥራውን እንዲህ አድርጌ የተረዳሁት እሱ የሻይ ብርጭቆ፣ የወረቀት መርፌና አንድ ብርቱካን ጠረጴዛዬ ላይ ደርድሮ ሲያስረዳኝ ነው። ብርቱካኑን ግን ሳይጨርስ ላጠውና በላው።

«መሰንጠቁ ቀላል ነው» ይል ነበር። «ጉልበት ያለው ፓምፕ ካለ አህያም ይሰነጥቀዋል። ቁም ነገሩ ስንጥቁ የት ላይ እንደሚያቆም ማወቅ ነው። ከበላያችን ሰው የሚጠጣው ውሃ አለ። ነዳጁ ከታች፣ የሰው ውሃ ከላይ። መሐል ላይ ያለው የሸክላ ንጣፍና የእኛ ሲሚንቶ ነው። ያንን ያለፍን ቀን ነዳጅ አውጪ መሆናችን ይቀርና መርዝ አጠጪ እንሆናለን።»

አበሻ ሰው ቤት ሲደርስ በሩ ተከፍቶ ቢያገኘውም ዘሎ አይገባም። ደጅ ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል፣ «ይግቡ» እስኪባል ይጠብቃል። ጋሽ አያሌው ድንጋዩንም እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ትልቁን ሥራ ከመጀመሩ በፊት ትንሽ ውሃ ይገፋል፣ ድንጋዩ እሺ ሲል ፓምፑን ያስቆማል። ከዚያ የግፊት መለኪያው፣ ጌጁ ፊት ቁጭ ይላል። ግፊቱ እንዴት እንደሚወርድ፣ የት ሲደርስ ስንጥቁ እንደሚገጥም፣ ውሃው በየት በኩል እንደሚሰርግ ያያል። ባለሙያዎቹ ለዚህ ሌላ ስም አላቸው፤ እሱ ግን «ቤቶች ማለት» ነው የሚለው። «የት ደረሳችሁ ጋሼ?» ስለው «ቤቶች ብያለሁ፣ ገና አልመለሰልኝም» ይለኛል። ሌሎቹ ይቸኩላሉ፣ የፓምፕ መኪኖቹ ሞተራቸው እየጮኸ ይቆማሉ፣ ሰዉ ይነጫነጫል። እሱ ንቅንቅ አይልም።

ቢሮም ሲመጣ ያው ነው። በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፣ እሱ ግን ደፉ ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። ዘበኛችን ዐም ኢድሪስ ይህን ቃል ስሙ መስሎት «ዐም ቤቶች መጣ፣ ያላ ሻይ አምጡ!» ብሎ ያውጃል፤ ዐም እንደ እኛ ጋሼ ነው። ጋሽ አያሌውም አላረመውም፤ ወደደው እንጂ። ሁለቱ ደፉ ላይ ቁጭ ብለው፣ አንዱ በሽሮ ሜዳ አማርኛ፣ አንዱ በኦምዱርማን ዐረብኛ፣ ሳይግባቡ አንድ ሰዓት ሲሳሳቁ ደርሼባቸው አውቃለሁ።

መልአክ ነበር አልልም። ግትር ነበር። ቫልቭ ሳይፈትሽ «ተፈትሿል» ያለን ሠራተኛ መፍቻ ወርውሮበት ለጥቂት ነው የሳተው። በወጣትነቱ አገር ቤት፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ለኤሌክትሪክ የሚሆን እንፋሎት ለማውጣት ጉድጓድ ሲቆፈር ሠርቷል። እዚያ «ተፈትሿል» በሚል አንድ ቃል የተነሳ ጓደኛው በፈላ ውሃ ተቀቅሎ ሲሞት አይቷል። ይህን የነገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ዳግመኛ አላነሳውም። ከዚያ በኋላ ግን «ተፈትሿል» የሚለውን ቃል ከሰው አፍ ሲሰማ ፊቱ ይለወጣል።

ቁጣውን እኔም ቀምሻለሁ። አንድ ጊዜ የግፊት ቁጥር ነግሮኝ፣ ለአጻጻፍ እንዲያምር ብዬ ወደ ሙሉ ቁጥር አጠጋጋሁት። ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ። ከዚያ መጥቶ «ድንጋዩ አላጠጋጋም፣ አንቺ ማን ሆነሽ ነው የምታጠጋጊው?» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሪፖርቱን ነግሮኝ ሲጨርስ «በይ መልሰሽ ንገሪኝ» ይላል። የጻፍኩትን ቃል በቃል በአማርኛ አነብለታለሁ፣ እሱ «እህ፣ እህ» ይላል፣ «ይሁን» ሲለኝ ብቻ ስልኩ ይዘጋል።

እዚህ ላይ ስለ ፊርማው መናገር አለብኝ። በረሃ ሲሄድ ሁለት ወር ይቆያል፤ ሪፖርቱ ግን በፊርማው ነው የሚሄደው። ስለዚህ ከመሄዱ በፊት ነጭ ወረቀቶች ከሥራቸው ላይ ፈርሞ መሳቢያዬ ውስጥ ያስቀምጥልኛል። እኔ ከላይ እጽፍባቸዋለሁ። ዐም ኢድሪስ አንድ ቀን ሲፈርም አይቶት ጭንቅላቱን ያዘ።

«ያ ሰብላ፣ ይህ ሰው መጅኑን፣ እብድ ነው? ለወንድሜ እንኳ እንዲህ አልፈርምም!»

«የአገሬ ልጅ ናት» አለ ጋሽ አያሌው ነገሩን ሳስረዳው። እኔም ያኔ ኮራሁ። በሰው አገር የሚኖር ሰው ዘመድ የሚመርጠው በቋንቋ ነው፤ አማርኛ የሚናገር ሁሉ ዘመዱ ይመስለዋል። የሁለታችንም ስህተት የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ጦርነቱ ከመጀመሩ ሁለት ዓመት ያህል በፊት ከብት አርቢዎች በሰፈሩበት አካባቢ ሁለት ጉድጓዶች እንዲሰነጠቁ ታዘዘ። ከጉድጓዶቹ ብዙም ሳይርቅ የአርቢዎቹ ዶንኪ አለ፤ በሞተር ውሃ የሚቀዳበት፣ ሰውም ከብትም የሚጠጣበት። ሌላ ውሃ የላቸውም። ጋሽ አያሌው የመጀመሪያውን ጉድጓድ በሠራ ቀን ደወለልኝ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ወባ ይዞታል።

«ጻፊ» አለኝ። «ቤቶች ስል ደህና ነበር። ትልቁን ሥራ ስንጀምር ግን ግፊቱ ሳላስበው ወረደ። ከቱቦው ውጭ ያለውን ግፊት የሚለካው ጌጅ ደግሞ መውጣት ጀመረ። ውሃው በሲሚንቶው ጀርባ ወደ ላይ እየሄደ ነው። ሲሚንቶው አልያዘም። ፓምፑን አስቁሜያለሁ። ጻፍሽ?»

«ጻፍኩ ጋሼ።»

«ሲሚንቶው ሳይጠገን ሁለተኛው ጉድጓድ እንዳይነካ። የአርቢዎቹ ዶንኪ ውሃው ይመርመር፤ እስኪመረመር ድረስ ይነገራቸው። ይህን ለብቻው፣ በጉልህ ጻፊው። በይ አሁን መልሰሽ...»

ስልኩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ አልገባልኝም። በማግስቱ ራሱን ስቶ በመኪና ወደ ካርቱም አመጡትና ሐኪም ቤት ገባ።

ሪፖርቱን እሱ እንዳለኝ ጽፌ ለሥራ አስኪያጁ፣ ለሙዲሩ አቀረብኩ። ሙዲሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ለሠራተኛ ልጅ ልደት ኬክ የሚገዛ፣ ሲያናግረኝ ተነስቶ ወንበር የሚስብልኝ ሰው ነው። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበውና መነጽሩን አወለቀ።

«ያ ኡስታዛ ሰብላ፣ ዐም አያሌው ወንድሜ ነው። ግን ይህ ወረቀት ከሄደ ሥራው ከድርጅታችን ይነጠቃል። ሥራ ከሌለ ደግሞ ኢቃማ የለም። በዚህ ዕድሜው ኢቃማ ያጣ ሐበሻ የት ይገባል? የአንቺስ ኢቃማ?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ትኩሳት ይዞት ነበር አልሽኝ፣ አይደል? መልሰሽ አንብበሽለታል?»

«መስመሩ ተቋረጠ» አልኩት።

«እንግዲያው በትኩሳት የተናገረውን ነው የጻፍሽው። ወላሂ፣ ለእሱ ብዬ ነው የምልሽ።»

ኢቃማችን፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ በሰው መሳቢያ ውስጥ የሚያድር ሰዎች ነን። ከእኛ አንዱ ሌላውን ሲወድ መጀመሪያ የሚያስብለት ወረቀቱን ነው። ጋሽ አያሌውን ወደ ድንበር ሲነዱት፣ ሻንጣውን ይዞ ሲቆም ታየኝ። ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩና ስለ ሲሚንቶው፣ ስለ ሁለተኛው ጉድጓድና ስለ ዶንኪው የተናገረውን ሁሉ አወጣሁት። የቀረውን እሱ በፈረመበት ነጭ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ሥራው ያለ ችግር ተጠናቀቀ፣ ይላል። አዳንኩት ብዬ አሰብኩ። እመቤቴን፣ በእውነት ያዳንኩት መስሎኝ ነበር።

ሐኪም ቤት ተኝቶ ስጠይቀው ሁለተኛው ጉድጓድ ምን ሆነ ይለኛል። «አንተ መጀመሪያ ዳን» እለዋለሁ። እሱ ሳይድን ሌላ ቡድን ሄዶ ሁለተኛውን ጉድጓድ ሠራው። ሪፖርቱ ላይ ችግር የለም ተብሏላ! ለምን ይጠብቃሉ?

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ረጅም ሽማግሌ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ ቢጫ ጀሪካን ይዘው ቢሮ ገቡ። በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው ስንት ቀን ተጉዘው እንደመጡ አላውቅም፤ እግራቸው አብጧል። ጋሽ አያሌው ድኖ ሥራ ጀምሮ ነበርና እሱም ቢሮ ውስጥ አለ። ሽማግሌው ሰላምታ ሰጡ፣ የሁሉንም ጤና ጠየቁ፣ ከዚያ ጀሪካኑን የሙዲሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ።

«ጠጣ» አሉት።

ሙዲሩ ፈገግ አለ፤ «ያ ሐጅ፣ ተቀመጡ እስኪ፣ ሻይ...»

«ከብቶቼ ጠጥተዋል፣ ሞተዋል። የልጄ ልጆች ጠጥተዋል፣ አንዷን ቀብሬያታለሁ። አንተም ጠጣ።»

ጋሽ አያሌው ከወንበሩ ተነሳ። ክዳኑን ከፈተ፣ ጣቱን ነክሮ ምላሱ ላይ አስነካ፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄዶ ተፋው። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ይህ የእኛ ነው» አለ በዚያ በተሰባበረ ዐረብኛው። «ጨዉ ከታች የመጣ ነው። ሌላው ደግሞ እኛ ከውሃው ጋር የምንቀላቅለው ነገር ነው። አውቀዋለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ እጄን የታጠብኩበት ነው።»

ማንም አላስገደደውም። ዝም ቢል ኖሮ ሽማግሌው ጀሪካናቸውን ይዘው ይመለሱ ነበር። ሙዲሩ ወደ እሱ ዞሮ «ታዲያ ኃላፊው ማን ነበር ያ ዐም አያሌው?» አለው፣ በዚያው ለስላሳ ድምፁ።

«እኔ ነኝ። ግን ተናግሬያለሁ። ሲሚንቶው አልያዘም፣ ሁለተኛው እንዳይነካ፣ ዶንኪው ይመርመር ብያለሁ። ሪፖርቱ ይምጣ።»

ሪፖርቱ መጣ። ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ከመዝገብ ቤት እስከ ጠረጴዛው ድረስ በገዛ እጄ። ጋሽ አያሌው እንግሊዝኛውን በጣቱ እየተከተለ ቀስ ብሎ አነበበው። ገልብጦ ጀርባውን አየ። እንደገና አነበበው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ደህናውን ጆሮውን አቀረበልኝና በአማርኛ ጠየቀኝ።

«ሰብለ፣ ነግሬሽ አልነበረም?»

ሙዲሩ አማርኛ አይገባውም፣ ግን ዓይኑ እኔ ላይ ነበር። ሽማግሌውም ያዩኛል። የእናቴ መድኃኒት፣ የቤት ኪራዩ፣ ኢቃማዬ፣ ሁሉም በአንድ ላይ መጡብኝ።

«አላስታውስም ጋሼ» አልኩት።

ግንባሩን ደባበሰ፣ አንድ የጠፋበት ነገር እዚያ ያለ ይመስል። «ትኩሳት ይዞኝ ነበር» አለ፣ ለእኔም አይደለም፣ ለራሱ። «መልሰሽ አላነበብሽልኝም። እንግዲያው ሳልናገር ቀርቼ ነዋ። የተናገርኩ መስሎኝ...» ከዚያ በዐረብኛ ለሽማግሌው፣ «ፊርማው የእኔ ነው፣ ያ ሐጅ። የልጅቱን ደም ከእኔ ፈልጉ» አላቸው።

ሽማግሌው ክዳኑን ገጠሙ። «አንተ ቢያንስ ቀመስከው» ብለው ጀሪካናቸውን አንስተው ወጡ። ጋሽ አያሌው በዚያው ሳምንት ተባረረ፣ ኢቃማውም ተሰረዘ። ያንን ወረቀት ያጎደልኩት ኢቃማው እንዳይሰረዝ ነበር።

ባሕሪ፣ ኢንዱስትሪው አካባቢ፣ ፓምፕ የሚጠግን ወርክሾፕ ውስጥ ተጠግቶ መኖር ጀመረ። ወረቀት የሌለው ሰው ስለሆነ ከግቢው ብዙ አይወጣም። አምስት ወር ሙሉ አልሄድኩም። ሙሉጌታን ገበያ ላይ ሳገኘው «ደህና ነው፣ ግን እየረሳሁ ነው ይላል» አለኝ። «መብራት ያጠፋና ማጥፋቱን ሦስት ጊዜ ይፈትሻል። ያቺን ዓይነት ነገር የረሳሁ ሰው ነኝ፣ በራሴ አልተማመንም ይላል።» ሥራውን እንደነጠቅሁት አውቅ ነበር። አእምሮውን እንደነጠቅሁት ግን አላወቅሁም ነበር።

በማግስቱ ሄድኩ። አንድ የተፈታታ ፓምፕ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። በስተቀኙ መቆሜን ረስቼ መናገር ጀመርኩ፣ አልሰማኝም። ዞሬ በግራው ተንበረከክሁና ሁሉንም ነገርኩት፤ ስልኩን፣ ሙዲሩን፣ ያወጣሁትን ሁሉ፣ «አላስታውስም» ያልኩትን።

መጀመሪያ ያደረገው ነገር እስከ ዛሬ ያስጨንቀኛል። ሳቀ። ዓይኑ እንባ እስኪሞላ ሳቀ።

«ነግሬሻለሁ ማለት ነው?»

«ነግረኸኛል።»

«ሙሉውን? ዶንኪውንም?»

«ሙሉውን ጋሼ።»

«ተመስገን! ጭንቅላቴ ሄደ ብዬ ነበር እኮ፣ አንቺ ልጅ! ሌት ተቀን ያቺን ቀን ስበረብር... ተመስገን!» እጁን በጨርቅ ጠረገ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ከፊቱ ወረደ፣ ሌላ ነገር በቦታው መጣ። «እኔን ለማዳን ብለሽ ነው?»

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ።

«የእኔን እኔ ይቅር ብዬሻለሁ። የእኔ ይኸው አለቀ። የሽማግሌውን ግን እኔ ልምርልሽ አልችልም፣ የእኔ አይደለማ። ሲሚንቶው እንዳፈሰሰ ነው። አሁንም ያንን ውሃ እየጠጡ ነው። ሂጂና ተናገሪ። በጽሑፍ፣ በስምሽ። ሲሚንቶው እንዲጠገን፣ ሌላ ውሃ እንዲቆፈርላቸው። ትናገሪያለሽ?»

«ኢንሻአላህ» አልኩት።

«ኢንሻአላህ አትበዪኝ! እሱን ላለመሄድ ነው የምትሉት። በአማርኛ ንገሪኝ።»

«እሺ ጋሼ። እናገራለሁ።»

«ይሁን» አለኝ፣ ሪፖርት ሲያጸድቅ እንደሚለው፣ ወደ ፓምፑም ተመለሰ።

አልተናገርኩም። ሳምንቱን ከሳምንት ገፋሁት። ኢቃማዬ የሚታደስበት ወር ደረሰ፣ ይታደስና አልኩ። ታደሰ፤ እናቴ ታመመች፣ ትዳንና አልኩ። እሷም ዐረፈች። ከዚያ ጦርነቱ መጣና ቢሮው ተቃጠለ፣ ሙዲሩ አገር ጥሎ ወጣ፣ መዝገቡም አመድ ሆነ። ለማን ልናገር? በልቤ ተገላገልኩ ያልኩበትም ቀን ነበር፤ አፍሬ ነው የምጽፈው።

አበሻው በየአቅጣጫው ሲወጣ ጋሽ አያሌው አልወጣም። በየመንገዱ ወረቀት የሚጠየቅበት ጊዜ ነበርና ያለ ወረቀት የት ይደርሳል? ባሕሪ ላይ የቧንቧ ውሃ ሲቋረጥ ወርክሾፑ ግቢ ያለውን አሮጌ ጉድጓድ ጠራርጎ ለሰፈሩ ውሃ ያወጣ እንደነበር ሰምቻለሁ። በኋላ ነዳጅ ጠፍቶ ሞተሩ ሲቆም፣ እንደ ማንኛውም ሰው የተገኘውን ውሃ መጠጣት ጀመረ። ያ ነው የገደለው።

እሁድ ዕለት ሐዘን ተቀመጥን። ከሃያ የማንበልጥ ሰዎች ነን፤ ፊቶቹ ሁሉ ከስተዋል፣ ሁሉም ሰው የራሱን ሙት ይዞ ነው የመጣው። ሙሉጌታ ስለ አሟሟቱ ተናገረ። «እስከ መጨረሻው ቀልዱን አልተወም» አለ። «ብቻ ስልክ ሲሠራ ቶሎ ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። ሰብለ ደወለች? ይለኛል። አልደወለችም ስለው፣ ትደውላለች፣ አንድ የምታደርስልኝ ነገር አለ ይለኛል። ምን እንደሆነ አልነገረኝም።» ሰዎቹ ወደ እኔ ዞረው በሐዘኔታ አዩኝ። እንደ ዘመዱ ነው የሚያውቁኝ።

ከዚያ የሁላችን ታላቅ የሆኑት አቶ ግርማ ተነሱ፤ በደጉ ጊዜ የማኅበራችን ሰብሳቢ ነበሩ። ስለ ደግነቱ፣ ስለ ቀልዱ፣ ለጎረቤት ስላወጣው ውሃ ተናገሩ። «ሰው ነውና» አሉ በመጨረሻ፣ «አንዲት ጥፋት ነበረችበት። የዚያች የአርቢዎች ልጅ ነገር። እሱም አልካደም፣ ጥፋቱን አምኗል። ማመኑም ትልቅነት ነው።»

ተነሳሁ። መነሳቴን ያወቅሁት ሁሉም ሲያዩኝ ነው።

«ጥፋቱ የእሱ አልነበረም» አልኩ። «ነግሮኝ ነበር። ሁሉንም ነግሮኝ ነበር። ከወረቀቱ ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሲጠይቀኝም ያላስታወስኩ መስዬ ካድኩት። እናገራለሁ ብዬው ነበር፣ ሳልናገር ሞተ።»

ከዚያ ጎኔ የተቀመጠችው ሴት ነጠላዬን ይዛ ወደ ታች ሳበችኝ። «ተይ፣ እህቴ፣ ተይ» አለችኝ። «ሐዘን ነው። እኔም ባሌ የሞተ ጊዜ እኔ ነኝ የገደልኩት እያልኩ ነበር።»

«ሐዘን አይደለም!» አልኩ። «ስሙኝ!»

«እንሰማሻለን ልጄ» አሉ አቶ ግርማ። ድምፃቸው ውስጥ ርኅራኄ ብቻ ነበር። «ወደሽው ነው። ሙትን የሚወድ ሰው ሸክሙን ይቀበላል። እግዜር ያጥናሽ።» ሙሉጌታ ውሃ አመጣልኝ፣ አንዲት ሴት ጀርባዬን ታሻሻለች። ደግሜ ነገርኳቸው። በተናገርኩ ቁጥር ይበልጥ አለቀሱልኝ።

አቶ ግርማ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «እንግዲህ» አሉ፣ «የወንድማችንን የአያሌውን ነፍስ ይማር። ስለዚያች ስለ ምስኪን ልጅም እግዚአብሔር ይቅር ይበለው።»

«አሜን» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ። እኔ ብቻ አሜን አላልኩም።